ምንባቡን አታንቢ

እውነቱን ለመናገር ቀናው ሰውየውን በቅጡ አያውቃቸውም። አቶ ቀጀላ እንደሚባሉ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በጥበቃ እንደሚሠሩና የዳሲቱ አባት እንደሆኑ ያውቃል፤ በቃ። ዳሲቱን ግን ያውቃታል። አቃቂ በሰቃ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ በተከራያት ክፍል፣ ለሚኒስትሪ ፈተና እንግሊዝኛ ከሚያስጠናቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንደኛዋ እሷ ናት። ከኮንዶሚኒየሙ የሚመጡት ዘጠኝ ልጆችም የእሷን ውጤት ሰምተው ነው የተከተሏት። እሷ ከወጣች ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት አግዳሚ ወንበሮቹና ቀናው ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ቀጀላ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ሲገቡ፣ ቀናው ገና ሳይጠየቅ ማላብ ጀመረ።

ቀጀላ፦ እኔ ብዙ ነገር የለኝም ቲቸር። ይሄ ጽሕፈት የአንተ ነው፣ አይደለም?

ቀናው፦ የእኔ ነው።

ቀጀላ፦ በቀይ።

ቀናው፦ እርማት በቀይ ነው።

ቀጀላ፦ ምን ይላል?

ቀናው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) "ምንባቡን አታንቢ" ይላል።

ቀጀላ፦ እኔ ልጄን እዚህ የላክኋት ማንበብ እንድትችል ነበር።

ቀናው፦ ማንበብ ሌላ፣ ፈተና ሌላ።

ቀጀላ፦ ፈተናው የምንድን ነው?

ቀናው፦ የእንግሊዝኛ።

ቀጀላ፦ (ወንበሩ ጫፍ ላይ እየተቀመጡ) እስኪ ቀስ ብለህ አስረዳኝ። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

(ቀናው ልቡ መለስ አለ። ነገር ቶሎ ለማይገባው ሰው ማስረዳት ደስ ይለዋል፤ እሱን የሚያስፈራው የሚገባው ሰው ነው። ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ጀመረ።)

ቀናው፦ ይኸውልዎት ጋሼ፣ ጥያቄው ስልሳ፣ ደቂቃውም ስልሳ። ምንባብ ሲያነብ የተገኘ ልጅ አለቀለት። እኔ የማስተምረው ስልት ነው። አንደኛ፣ "ሁሉም" የሚል ምርጫ ካለ መልሱ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ እሱ ከሌለ ረጅሙ ነው። ሦስተኛ፣ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ "ሲ" ነው።

ቀጀላ፦ ለምን "ሲ"?

ቀናው፦ መሀል ስለሆነች። ፈተና አውጪ መልሱን ጫፍ ላይ አይጥለውም።

ቀጀላ፦ "ቢ"ም እኮ መሀል ናት።

ቀናው፦ "ቢ" ትቸኩላለች።

ቀጀላ፦ እሺ። ዳሲቱ ታዲያ በዚህ ስልት እንዴት ናት?

ቀናው፦ የሚደርስባት የለም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ እዚችው ተቀምጣ በሁለት ደቂቃ አሥር ከአሥር። ያንኑ ወረቀት እንዲጠናላት ብዬ ለቤት ሥራ ብሰጣት ግን ሦስት ይዛ መጣች። ያው፣ ቤት ገብታ አንብባለች ማለት ነው።

ቀጀላ፦ በማንበቧ ነው ወደ ሦስት የወረደችው።

ቀናው፦ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም እርስዎን ልጠይቅ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው አለ?

ቀጀላ፦ አንድ አለ።

ቀናው፦ ቢመክሩት ጥሩ ነው። ለፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረን።

ቀጀላ፦ እመክረዋለሁ። እስኪ ይቺን የመጀመሪያዋን ጥያቄ በአማርኛ ንገረኝ።

ቀናው፦ "ሴትዮዋ ከገበያ ባዶ እጇን የተመለሰችው ለምንድን ነው?" ኤ፣ ሽንኩርቷን በሙሉ ስለሸጠች። ቢ፣ ሽንኩርቷን በሙሉ ጎርፍ ስለወሰደባት። ሲ፣ ሽንኩርቷን በሙሉ አህያ ስለበላባት። ዲ፣ ሁሉም።

ቀጀላ፦ መልሱስ?

ቀናው፦ ዲ።

ቀጀላ፦ በሙሉ ሸጠችው።

ቀናው፦ አዎ።

ቀጀላ፦ ከዚያ ጎርፍ ወሰደባት።

ቀናው፦ አዎ።

ቀጀላ፦ የሸጠችውን?

ቀናው፦ የተረፋትን።

ቀጀላ፦ እሺ። አህያዋ የበላችው ታዲያ የቱን ነው?

ቀናው፦ ጎርፉ… ጎርፉ ዳር ያወጣውን ይሆናላ።

ቀጀላ፦ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሆንስ?

ቀናው፦ ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል።

(ይህን ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ የሚረዳው ነገር ያለ ይመስል። ጀርባው ባዶ ነው።)

ቀጀላ፦ የመጨረሻዋስ?

ቀናው፦ እሷ ቀላል ናት። "ለምንባቡ የሚስማማው ርዕስ የቱ ነው?" ኤ፣ "ዝናብ"። ቢ፣ "ያልታሰረችው አህያ"። ሲ፣ "በአፍሪካ የመጓጓዣ አገልግሎት ከጥንት እስከ ዛሬ"። ዲ፣ "ሽንኩርት"። "ሁሉም" የሚል የለም፤ ስለዚህ ወደ ረጅሙ እንሄዳለን። ረጅሙ ደግሞ ራሱ "ሲ" ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፈጣሪ ሲሰጥ ነው።

ቀጀላ፦ ምንባቡ መጓጓዣ አለው እንዴ?

ቀናው፦ አለው እንጂ። (ሥዕሉን በጣቱ እያሳየ) አህያዋ ይቺውና።

ቀጀላ፦ እሷ ማንንም አላጓጓዘችም። የሴትዮዋ ጎረቤት ሳያስራት የተዋት ናት። ሴትዮዋ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ከኋላ መጥታ ከረጢቱን ጨረሰችው።

ቀናው፦ ይሄን ማን ነገረዎት?

ቀጀላ፦ ወረቀቱ።

ቀናው፦ ወረቀቱ እኮ በእንግሊዝኛ ነው።

ቀጀላ፦ እሱማ አሳሩን አሳይቶኛል። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ።

(ቀናው ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠመኔው ተንከባለለና ወደቀ፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አላነሱትም።)

ቀናው፦ እንግሊዝኛ ይችላሉ ማለት ነው?

ቀጀላ፦ አልችልም። የማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ነኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አንዱን ቃል ሳገኝ ያለፈው ይጠፋብኛል። ዳሲቱ ያንን የቤት ሥራ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ጨርሳ ወረወረችው። "ታሪኩ ስለ ምንድን ነው ልጄ?" ብላት "ዲ" አለችኝ።

ቀናው፦ ዲ አለች?

ቀጀላ፦ ዲ። እኔም ነገሩ ከነከነኝና የእሷን በላጲስ አጥፍቼ የራሴን አከበብኩበት። እሷም ሳታየው ይዛልህ መጣች።

ቀናው፦ ሦስት ከአሥር ያመጣው እንግዲህ…

ቀጀላ፦ እኔ ነኝ። "አታንቢ" ብለህ የጻፍከውም ለእኔ ነው።

(ከብየዳ ቤቱ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ቀናው ሁልጊዜ ይረብሸው የነበረው ድምፅ ዛሬ ባያቋርጥ ደስ ባለው። ዘጠኙ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ተራ በተራ ከበሩ ሲወጡ በዓይነ ሕሊናው ታዩት።)

ቀናው፦ ጋሼ፣ ይሄን ነገር ለጎረቤት ነግረዋል?

ቀጀላ፦ ገና ነኝ።

ቀናው፦ ዳሲቱን ሊያስቀሯት ነው?

ቀጀላ፦ እሱን ላስብበት ነው የመጣሁት። በስልትህ ታልፍ ይሆናል፤ አላውቅም። ግን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ መጽሐፍ ስትከፍት ምኑን ልትመርጥ ነው? ለመሆኑ ይሄን ስልት ማን አስተማረህ?

ቀናው፦ ማንም። (ተቀመጠ) በሰማንያ ሁለት ዓ.ም. ማትሪክ ስፈተን ምንባቡን አነበብኩት። ገባኝ። እኔ ነገር እንዲህ በቀላሉ ሊገባኝ አይችልም አልኩና ደገምኩት። እንደገና ገባኝ። ይሄኔ ጭራሽ ተጠራጠርኩና ሦስተኛ ጀመርኩ። ፈታኙ ወረቀቱን ሲወስድብኝ የሠራሁት ሃያ ብቻ ነበር፤ ሌላው ባዶ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ረጃጅሙን እየመረጠ አጥቁሮ በጊዜ ወጣ፤ አለፈም። ከዚያ ወዲህ የሚያነብ ልጅ ባየሁ ቁጥር ሰዓት የሚያልቅበት ይመስለኛል።

ቀጀላ፦ እና አንብብ የሚል መምህር ከመሆን አታንብብ የሚል ሆንክ።

ቀናው፦ ልጆቹ እንደ እኔ እንዳይሆኑ ብዬ ነው።

ቀጀላ፦ ገባኝ። ቶሎ አይገባኝም ብዬህ ነበር፤ ይሄ ግን ገባኝ። (ተነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ) አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ቲቸር፤ ዳሲቱን ልላካት ወይስ ላስቀራት የሚለውን ከመልስህ አየዋለሁ። እነዚያ አንብበህ የሠራሃቸው ሃያ ጥያቄዎች፤ ከእነሱ ስንቱን ነው የሳትከው?

(ቀናው ከፈተናው በማግሥቱ ሃያዎቹን አንድ በአንድ ከመምህሩ ጋር አመሳክሯቸው ነበር። አንዱንም አልሳተም። ይህን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሱም ቢሆን ደፍሮ አልነገረውም። ቀና ብሎ ሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፋቸውን ሦስቱን ስልቶች አየ።)

ቀናው፦ ይሄን ጥያቄ እንዝለለው ጋሼ።