ሳይቆፍር ውኃ የሚያየው ሰው

ሳይቆፍር ውኃ የሚያይ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰቆጣ ዙሪያ አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ መጥቶልናል! ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከመንደራችን ሥር ያለውን ውኃ በሰማያዊ ቀለም ቢያሳየን ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔማ ጮቤ ረገጥሁ፤ ልጄ «ውኃ ካልወጣ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» ብላ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበራ!

«የት እንቆፍር?» ስንለው ጣቱ የት ያረፈ ይመስላችኋል? መካነ መቃብራችን ላይ! ውኃውን ያየ ዓይን መቃብሩን ይስታል?

«ልጄ፣ ቅድመ አያቶቻችንን ቀድተን እንጠጣ?» አሉት ቄሳችን።

«አባ፣ ኮምፒውተሩ የነገሩትን እንጂ ያልነገሩትን አያውቅም» አለ አፍሮ።

ኋላ ከመቃብሩ ርቆ፣ ከበላዩ ዳገቱ ላይ ቢቆፈር ውኃው ቡልቅ አለ!

«በጋውን ይዘልቃል?» አልሁት እየፈራሁ።

«እሱን ለኮምፒውተሩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት በየወሩ እየለካችሁ» ብሎ መለኪያ ገመዱን ዘረጋልኝ።

ልጄ ቀድማኝ ነጠቀችው። «እኔ እለካለሁ!»