በጉም ውስጥ የተሰማው አዛን

ፍርሃት የት ነው የሚኖረው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኛው ሰው መቃብር ቦታን ይጠራል። ጨለማ ገደል የሚልም አለ፤ እኛ ደባርቆች ደግሞ ገደል ስለማይቸግረን ሊማሊሞን በጣታችን እናሳያለን። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ፍርሃት የሚኖረው ትኩስ ሳምቡሳ ፊት ነው። አትሳቁ! ሳምቡሳው ተጠብሶ፣ ሾርባው እየጨሰ፣ አግዳሚው ላይ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጎርስ፣ ማንም ማንንም ሳያናግር የሚጠብቅበትን ገበያ ያላየ ሰው ስለ ፍርሃት ባያወራ ይሻለዋል።

ገበያ ማለት እኮ ድምፅ ነው። በተለይ በረመዳን ማምሻ በመስጊዱ መታጠፊያ ላይ የሚቆመው የምግብ ገበያ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ቴምር ሻጩ የቴምሩን አገር እየለዋወጠ ይምላል፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምትጠብሰው ልጅ ሰው በትከሻዋ ላይ እየተንጠራራ ሲያስቸግራት ትቆጣለች። ጾመኛ ሲገዛ አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ሠርግ የደገሰ ይመስል በሁለት እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ ይሄድና፣ ሁለት ቴምርና አንድ ጭልፋ ሾርባ ሲደርሰው ጠገብኩ ይላል።

እኔ በዚያው መታጠፊያ ልብስ እሰፋለሁ። ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም በረመዳን የኔን ያህል የሚደክም ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የዒድ ልብስ ሁሉ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነዋ። በዚያ ዓመት ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙና ከተማው በሙሉ ከንፈሩ ደርቆ፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ ደርሶ ከረመ። ያገናኘን የእትዬ ዘሀራ የምስር ሳምቡሳ ነበር። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅበት። ማምሻውን መንገዱን ተሻግሬ እገዛለሁ፤ ታዲያ በጾመኛ ፊት ማኘክ ነውር ነውና አዛን እስኪል በእጄ ይዤ እጠብቃለሁ።

እትዬ ዘሀራ ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር የምትጠብሰው። ባሏ ሼህ ኢድሪስ ይባላሉ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የመስጊዱ ሙአዚን እሳቸው ነበሩ፤ ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት፣ ነፋሱ ከተስማማ፣ በዳባት መንገድ ላይ ያሉ ገበሬዎች በሳቸው አዛን በሬ ይፈቱ ነበር ይባላል። ካለፈው አረፋ በኋላ ግን ለሶላት ሲታጠቡ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው በእግራቸው ተመለሱ፤ ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፣ ንግግራቸው ደግሞ ጭራሽ ቀረ። በሳቸው ቦታ ኑረዲን የሚባል ትሑት ጎልማሳ ተተካ።

እትዬ ዘሀራ ግን ማውራቷን አልተወችም። "ኢድሪስ፣ ዘይቱ በቃው?" ትላለች። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ራሷ "በቃው" ብላ ትቀጥላለች። ያችን የምትጠብቅባትን ትንሽ ጊዜ ማየት ይከብደኝ ነበር። አንድ ቀን ሳምቡሳውን በወረቀት እየጠቀለለችልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ፈንታዬ፣ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስልሃል?" አለችኝ። "ዓይኑ ያየኛል። እሱ ይሁን ሌላ ግን አላውቅም። ማታ ማታ ከማን ጋር እንደምተኛ አላውቅም። መኖሩን ብቻ ባውቅ ወላሂ ሌላ አልመኝም።"

ሳምቡሳዬን ይዤ ዞር አልኩ።

ረመዳን ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ቀን ያለ ወቅቱ ጉም መጣ። ከሊማሊሞ ገደል እየተሳበ ወጥቶ አስፋልቱን ዋጠው። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱት መኪናዎች ቁልቁለቱን ፈርተው ቆሙ፤ መንገደኞቹም እየተንቀጠቀጡ ወደ ገበያው መጡ። በላዩ ላይ መብራት ሄደ። ሰማይ የለም፣ ጸሐይ የለም፣ ከከሰሉ ምድጃ አልፎ የሚታይ ሰው የለም።

"የኔ ስልክ የማፍጠሪያው ሰዓት ገብቷል ይላል!" አለ ባለ ሥጋ ቤቱ ጀማል። ጀማል ረመዳንን የሚጾመው ከረመዳን ጋር እየተጣላ ነው።

"ያንተ ስልክ የሚያዳምጠው ሆድህን ነው" አለው ቴምር ሻጩ። "የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ለኛ መጨመር አለበት።"

"መቀነስ ነው እንጂ!" አለ ሌላው።

ተሳሳቅን። የዚያች ማምሻ የመጨረሻው ሳቅ ያ ነበር። መብራት ከሌለ ድምፅ ማጉያ የለም፤ የኑረዲን ድምፅ ደግሞ በባዶው ከመስጊዱ በር አያልፍም። ስለዚህ ሁሉም አዛኑን ለመስማት ዝም አለ። አንዱ ሌላውን ዝም አሰኘ። እትዬ ዘሀራ ዘይቱ እንዳይጮህ ብላ መጥበሻውን ከእሳት አወረደች።

እንግዲህ ያ ነው ያልኳችሁ። ቀስ በቀስ ገበያው ጠፋ። በዙሪያዬ የማውቀው ሰው ሁሉ እንዳለ አውቃለሁ፤ የስንቱን ወገብና ትከሻ ለክቻለሁ። ጉሙ ውስጥ ግን ቀጥ ብለው የተቀመጡ ጥላዎች ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጥላ በእጁ አንድ ነገር ይዟል፣ እያንዳንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አንገቱን አዘንብሏል። ሳል እንኳ አልነበረም። የራሴን ሳምቡሳ ብነክሰው ኩርሽምታው ከተማውን የሚያናውጥ መሰለኝ። ሰው የሞላበት ቦታ ሆኖ ማንም እንደሌለ ይሰማኝ ጀመር፤ ስንት ጊዜ እንደቆየን እግዜር ይወቀው። ልቤ ወደ ሱቄ ሮጠ፤ እግሬ ግን አልተከተለውም።

ከዚያ አዛን ተሰማ።

"አላሁ አክበር..."

ወፍራም፣ ረጅም፣ ያለ ማጉያ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ጉም አቅጣጫ የለውም። ክንዴን ወረረኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት "ቢስሚላህ" አለች፤ ልትበላ እንዳልሆነ ገባኝ። ፈርታ ነበር። ድምፁን ሁላችንም አወቅነው፤ ያስፈራንም ማወቃችን ነው።

"ማነው?" አለ አንዱ የአዲ አርቃይ መንገደኛ በሹክሹክታ።

አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ መለሱለት። "ይህ ድምፅ እኛ ዘንድ አሁን የለም፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ዞር አልኩ። ሼህ ኢድሪስ ቆመዋል። ጋቢያቸው መሬት ወድቋል። ግራ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳይስቱ አወጡት። ሲጨርሱ ለምዕራብ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዘሀራ ጭልፋዋን ጥላ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"ኢድሪስ! እስቲ በለኝ። ዘሀራ በለኝ!"

አፋቸው ተከፈተ። ምንም አልወጣም። ድምፁ በመጣበት ሄዶ ነበር።

ገበያው ግን ነፍስ ዘራ። ቴምር ተጎረሰ፣ ሳምቡሳ ተቆረሰ፣ ሰው እያለቀሰ በላ። ጀማል ሁለቱን አንድ ላይ ጎረሰ። እኔም ነከስኩ።

በዚህ መሃል ነው ጉሙ በምዕራብ በኩል መጋረጃ እንደሚገለጥ የተገለጠው። ከኮረብታው ላይ ጸሐይ ነበረች። ቀይ፣ ትልቅ፣ ግማሽዋ ገና ያልገባ። ፊት ለፊት ታየናለች። ማኘክ ቆመ። የጀማል ጉንጭ እንደተወጠረ ቀረ። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ተዘጋ፤ ማንም አየሁ አላለም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጸሐይ ሳትገባ የበላ ሰው፣ ተሳስቶም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ጾም ከዒድ በኋላ መድገም አለበት፤ ቀዷ ይሉታል። ሁሉም ይህን ያውቃል። ሁሉም ወደ ሼህ ኢድሪስ አየ። ስንት ዘመን ሳይሳሳቱ ኖረው፣ ከሞት አፋፍ አንዲት አዛን ይዘው ቢመለሱ፣ ተሳሳቱ የሚላቸው ማን ነው? ኑረዲን እየሮጠ መጣ፤ ነገሩ ከፊታችን ገባው። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመና "ሼህ፣ ዛሬ ቀደሙኝ" አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኛም ድፍን ጨለማ እስኪሆን የያዝነውን እንደያዝን፣ ሳንበላም ሳንጥልም ተቀመጥን።

ዒድ አለፈ። የሰፋሁት ልብስ ይጠበብ፣ ይለቀቅ እየተባለ ተመልሶ መጣ። የኔ ዐቢይ ጾም ገና አላለቀም፤ ለደንበኛ ግን ሻይ አስመጣለሁ። አንድ ሰኞ ቴምር ሻጩ ሻዬን እምቢ አለኝ። "ስድስቱን ይዣለሁ" አለ፤ ከዒድ በኋላ በፈቃድ የሚጾሙትን ስድስት ቀን ማለቱ ነው። ባለ ሙሸበኳ መጣች፤ እሷም ስድስቱን ይዛለች። እሰየው፣ ከተማችን ጸደቀች አልኩ። ቀጥሎ ጀማል መጣ።

"ሻይ?"

"ጾመኛ ነኝ።"

"ጀማል! አንተ? በፈቃድህ?"

"ምነው፣ እኔ ጀነት አያስፈልገኝም?" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ያኔ ገባኝ። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። እያንዳንዱ ያችን ጸሐይ ያየ እሱ ብቻ የሆነ ይመስል፣ የራሱን ቀን በስድስቱ ስም ደብቆ እየጾመ ነበር፤ ወሬው ሼህ ኢድሪስ ጆሮ እንዳይደርስ።

ወደ ማምሻው ለሼህ ኢድሪስ ሻይ ይዤ ተሻገርኩ፤ ለሳቸው እንኳ ጾሙም የለባቸው፣ ሕመምተኛ ናቸው። ለእትዬ ዘሀራም ላስመጣ ብዬ ጠየቅኳት።

"ስድስቱን ይዣለሁ" አለችኝና በዓይኗ ባሏን አሳይታኝ "እሱ እንዳይሰማ" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ከሰል ልታመጣ ወደ ጓሮ ገባች።

ብርጭቆውን ሼህ ኢድሪስ ፊት አስቀመጥኩ። አዩት። በደህናው እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። መለስኩት። አሁንም ገፉት። አንገታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩና ኮረብታው ላይ ያለችውን ጸሐይ አዩ። ከዚያ እኔን። ዓይናቸው ውስጥ ውሃ ነበር። ጣታቸውን አንስተው ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። መናገር የማይችል ሰው እኔን ዝም በል አለኝ።

ሰውዬው ያን ማምሻ ነገሩን ከፊታችን አንብበው ሁሉን ያውቁ ነበር። እኛ ከሳቸው ስንደብቅ፣ እሳቸው ከእኛ ሲደብቁ፣ ያችኑ አንዲት ቀን ገበያው በሙሉ ጾማት። የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ እትዬ ዘሀራ ልታውቀው የምትሞትለትን ነገር አሁን የማውቀው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ እንዳትነግራት ብለውኛል። የእግሯ ኮቴ ሲሰማኝ ሻዩን የመንገዱ ዳር ቱቦ ውስጥ ደፋሁት።

"ጠጣልህ?" አለች።

"ጠጡ። ግን ስኳር አነሰው ብለው በዓይናቸው ሰደቡኝ።" "እትዬ ዘሀራ፣ ያን ቀን የጠየቅሽኝን መልስ ልስጥሽ። አሉ። እዚያ ውስጥ ሙሉውን አሉ።"

ከሰሉ ከእጇ ወደቀ። "ስኳር አነሰው አለ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። "እሱ ነው! ወላሂ እሱ ነው! ስኳር በቅቶት አያውቅም!"

ሼህ ኢድሪስ መሬት መሬቱን ያያሉ። በዐቢይ ጾም መዋሸቴን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ውሸትም ቀዷ ካለው ግን፣ እኔም አንድ ቀን አለብኝ።