ከላላ ያደረው ቬሎ

ዛሬ የሆነብኝን ብነግራችሁ "ውሸታም" ትሉኛላችሁ። በሉ፣ ግን መጀመሪያ አንብቡ!

መካነ ሰላም አጎቴ ሱቅ ውስጥ ከአረብ አገር የሚመጣ ካርጎ የማስረክበው እኔ ነኝ። ሰይድ መሐመድ የሚባል ደንበኛ ብቻ ሰባት አለን። ሻንጣ እየተቀያየረ ሲያስቸግረኝ ስም መጻፍ ትቼ፣ ለየሻንጣው የማይደገም ቁጥር የሚሰጥ ስክሪፕት ጻፍኩ። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ! ሦስት መስመር!

ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ከኮምፒውተሩ ይወስድና ቁጥር ያደርገዋል። ቁጥሩን ለባለቤቱ በሜሴጅ እልካለሁ። አንዱን ሻንጣ መዝግቤ እስክጨርስ ደቂቃው ያልፋል፤ ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ አይሄድም አይደል?

እኔም አይሄድም ብዬ ነበር።

ጠዋት ሀና ከወግዲ መጣች። ሰርጓ ነገ ነው። እህቷ ከቤሩት የላከችላትን ቬሎ ልትወስድ ነው። ቁጥሯን አሳየችኝ፣ ሻንጣውን ሰጠኋት፣ እዚያው ከፈተችው።

ብርድ ልብስና የጉልበት ቅባት!

"ይሄን ለብሼ ነው የምዳረው?" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ኮዱን አየሁት፣ ስህተት የለውም። ደግሜ አየሁት። የለውም! መዝገቡን ስከፍት ግን ያው ቁጥር ከሰባቱ ሰይዶች አንዱ ለሆኑት፣ ከላላ ወረዳ ለሚኖሩት አባባ ሰይድም ተሰጥቷል። ትናንት መጥተው አንድ ሻንጣ ወስደዋል። መንግሥት አንድ ለአምስት ሲያደራጅ እኔ አንድ ለሁለት ጀምሬያለሁ!

ስልካቸውን ብሞክር አይሠራም። እንዴት ላግኛቸው እያልኩ ስጨነቅ እሳቸው ራሳቸው በበቅሎ ከች አሉ። ፊታቸው በርቷል።

"አሰላሙ አለይኩም! አንተ ልጅ፣ እስቲ ለዘሃራ ደውልልኝ። ሙሽራው የማን ልጅ ነው?"

የምን ሙሽራ?

ለካ ቤታቸው ገብተው ሻንጣውን ሲከፍቱ ቬሎ አገኙ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ዘሃራ ልትዳር ነው፣ ለሰርጓ ልትመጣ ነው ብለው ጎረቤቱን ጠሩ። እልልታው ቀለጠ። በግ ታረደ! ልጅቷን ካዩዋት ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሻንጣው መቀያየሩን ነገርኳቸው።

"ዘሃራ አትመጣም ማለት ነው?"

ዘሃራ የላከችላቸውን ብርድ ልብስና ቅባት አቀበልኳቸው።

ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ "አብሽር ልጄ" አሉኝ። እኔን እኮ ነው የሚያጽናኑት! ቤት እንዳይሰረቅ ብለው ይዘውት የመጡትን ቬሎ ከበቅሏቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ለሀና ሰጧት።

"አላህ ያሳምርልሽ። በጉን በልተነዋል፣ ላንቺ ሰርግ ይሁን።"

ሀና እያለቀሰች ሳቀች። "እንግዲያው ነገ ይምጡልኝ አባባ" አለቻቸው።

ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ካርጎው የገባ ቀን መብራት ሁለቴ ሄዶ ነበር። የኮምፒውተሩ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፤ በተነሳ ቁጥር ቀኑም ሰዓቱም ከዚያው ከአንድ ቦታ ይጀምራል። መብራት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ሻንጣ ያው ቁጥር! የማይደገም ቁጥር ለማውጣት የተሠራ፣ በአንድ መስመር የሚጠራ ዩዩአይዲ ፓይተን ውስጥ ተቀምጦ እኔ ጎበዝ ልሁን ብዬ!

አባባ ሰይድ በቅሏቸው ላይ ሊወጡ ሲሉ "ለወደፊቱ ምን ብዬ ልመዝግብዎት?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"የዘሃራ አባት በለኝ" አሉ።

ከሰባቱ ሰይዶች የዘሃራ አባት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቆይ፣ እኔ የማይደገም መለያ ፓይተን ውስጥ የምፈልገው ምን ሆኜ ነው?