ዝናቡ የኔ አልነበረም

ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ የገጠመኝን ስነግራችሁ ፔጄን አንላይክ እንደማታደርጉ ማሉልኝ!

ይሄን የሐዋሳ ዜና ፔጅ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። ዜናውን ከየት እንደማመጣ ግን ጠይቃችሁኝ አታውቁም። ስላልጠየቃችሁ ተባረኩ።

ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም፣ ጋሼ ነው የምላቸው። "ጋሼ፣ ጋዜጣዎን አንዴ ልየው?" እላለሁ። ገጹን በስልኬ ፎቶ፣ ቤት ገብቼ ትየባ፣ ፖስት!

አናቱ ላይ "ሰበር ዜና" እጨምራለሁ። እሱ የራሴ ፈጠራ ነው።

ዛሬ ጋሼ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

"ጋዜጣው የታለ?"

"ቆመ ልጄ። የሚገዛ ጠፋ። ሰው ፌስቡክ ላይ በነፃ ያነበዋል አሉ።"

"አይ የዛሬ ሰው!" አልኩ። አልኩ እኮ!

ላጽናናቸው ብዬ (ምን ነክቶኝ ነው?) ፔጄን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ያቺን የቡሹሎ ጤና ጣቢያዋን አዋላጅ ነርስ ታሪክ፣ በዝናቡ ጉዞ የምትጀምረውን። "እጅህ ይባረክ" ያላችሁኝን።

መነፅራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

"አንተ ነህ የጻፍከው?"

"አዎ ጋሼ!"

"ቡሹሎ ድረስ ሄደህ?"

"በዚያ ዝናብ!"

"ዝናቡስ ጉድ ነበር" አሉ። "እኔ አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኛል። ጽፌው ነበር፣ ኤዲተሩ ቆረጠብኝ።"

ወንበሩ ዋጠኝ።

ለካ የጋዜጣው የሐዋሳ ዘጋቢ እሳቸው ናቸው! ጋሽ በላይነህ! ስማቸው ሁሌ ከዜናው ሥር አለ። ስተይብ የምዘለው እሱን ብቻ ነው።

ይቆጡኛል ስል ስልኬን በእርጋታ መለሱልኝ። "የነርሷን የአባት ስም ተሳስቼ ነበር፣ ስህተቴንም ገልብጠኸዋል። እኔ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። አንተስ?"

"ስልካቸው የለኝም።"

"ቡሹሎ ሄደህ የለ እንዴ?"

አስተናጋጇ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች።

ቁጥሩን ሰጡኝ። እዚያው ፊታቸው ደወልኩ። ሴትየዋ "ምንም አይደል፣ ደግሞ ጋሽ በላይነህን ሰላም በልልኝ" አሉኝ። እኔን ማን ያውቀኛል?

የአባታቸውን ስም እንደነገሩኝ አስተካክዬ፣ "ዘጋቢ፦ በላይነህ" ብዬ ጨመርኩበት። አይተው መነፅራቸውን አወለቁ። ከዚያ፦

"እዚሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ፣ ንፋስ የትምህርት ቤት ጣሪያ ገንጥሏል። ልጆቹ ሜዳ ላይ ነው የሚማሩት። እኔ እንግዲህ የምጽፍበት የለኝም። ማን ይጻፈው?"

"እኔ!" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ። "ግን ስሄድ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?"

"መጀመሪያ ስማቸውን" አሉኝ።

እናንተ፣ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አትሳቁ፦ የቱላ ባጃጅ ከየት ነው የሚነሳው?