የመዋኛው ሸራ

በክረምት ማን ይዋኛል? ማንም አይዋኝም። ኮምቦልቻም ብትሆን ሐምሌ ላይ ትበርዳለች። እኔ የምሠራበት ሆቴል ግን የመዋኛውን ውሃ አይደፋም። ባዶ ከሆነ ከመሬት የሚገፋው የዝናብ ውሃ ወለሉን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ማንም የማይገባበትን ውሃ በሸራ ሸፍኜ፣ ክሎሪን እየጨመርኩ ክረምቱን ሙሉ እጠብቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

ዋናው ጣጣ ዝናቡ ነው። ሸራው ላይ ይጠራቀምና እንደ እርጉዝ ሆድ ያረግበዋል። ካላፈሰሱት ሸራው ይቀደዳል። ጠዋት ጠዋት በረጅም መጥረጊያ እየገፋሁ ወደ ዳር አወጣዋለሁ። እጄ ለምዷል። የረገበ ሸራ ካየሁ መቀመጥ አልችልም።

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ሰሚራ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን አተኮሳት፣ በአራተኛው የለችም። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ቤታችን ደሴ ነው። ከቀብር ስንመለስ ይዘንባል። የቂሬው፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ነው። የሆቴሉ ሾፌር ሰይድ ማንንም ሳይጠይቅ ሸራውን ከመዋኛው ገፎ፣ ጭኖ አመጣልኝ። ግቢው ላይ ወጠሩት። ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። አንድ ሽማግሌ፣ ሐኪም ቤት ነው እንዴ የተቀመጥነው አሉ።

በሁለተኛው ቀን የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ መጡ። ዱዓ አደረጉ። አላህ ሶብሩን ይስጥህ አሉኝ። ተቀመጡና ቀና ሲሉ ሸራቸውን አወቁት። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ውሃውን ምን ሸፈነው?»

«ምንም።»

«እየዘነበ ነው እኮ።»

«እዚህም እየዘነበ ነው፣ ሐጂ።»

ሸራው ነገ በጠዋት ቢመለስ ይሻላል አሉ፣ በቀስታ። ለቅሶው ገና አንድ ቀን ይቀረዋል። ሰው ዝናብ ላይ ተቀምጦ ልጄን ያልቅስ? ቀና አልኩ። ሸራው ልክ ከሐጂ አናት በላይ ረግቧል። ተነሳሁ፣ መጥረጊያ አነሳሁ፣ ገፋሁት። ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። ያ ሁሉ ውሃ በጠርዙ ዞሮ ማጅራታቸው ላይ ወረደ።

ለቀስተኛው አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አያለሁ። የሰሚራ እናት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ጨመቁና፣ «ይቆይ፣ ይቆይ» አሉ። ቆየ።

ሦስቱ ቀን አልቆ ሸራውን ይዤ ሥራ ስገባ ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ግድግዳውን ፈተግኩ፣ ክሎሪን ጨመርኩ፣ የማጣሪያውን ሞተር ሳላጠፋ ሳምንት ሠራሁ። ጠራ። ከሥር ያለው ሴራሚክ አንድ በአንድ ይታያል። ሐጂ ዳሩ ላይ ቆመው አዩና ደስ አላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አየህ፣ ጊዜ ስትሰጠው ሁሉም እንደነበረው ይሆናል። አብሽር።»

«ውሃው ሆኗል» አልኳቸው።

«በል እንግዲህ ሸፍነው» አሉኝ።

ሸፈንኩት።