የቫልሙሴ አርባ ነዋሪዎች

ጆሮ ያላችሁ ስሙኝ፤ ሥራ ያለባችሁም ሥራውን አቆዩት። በፈረንሳይ ገጠር፣ እንስሳት ራሳቸውን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ ቫልሙሴ የምትባል መንደር ነበረች። ከፊቷ ወንዝ፣ ከኋላዋ ጫካ፣ ከመሃል ሰባት የድንጋይ ቤትና አንድ የድርቆሽ መጋዘን። መንገዷ አንድ ነው፤ እሱም እዚያው ያልቃል። ሕዝቧ ሠላሳ አራት ነው፤ ጣሪያ ላይ ጎጆ ሠርተው የሙቀቱን ወራት የሚኖሩት ስድስት ሽመላዎች ሳይቆጠሩ።

ያልተቆጠሩት በጉባኤ ውሳኔ ነው። «እኛም እንመዝገብ» ብለው ሲጠይቁ ከንቲባው አህያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በረዶ ሲመጣ ጥሎን የሚሄድ የዚህ አገር ሰው አይደለም» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ሽመላዎቹ በረዶው ሳይጥል ወደ እኛ አገር፣ ወደ ዝዋይ ዳርቻ በረሩ። ይህን ወሬ ያመጡልንም እነሱ ናቸው።

በበረዶው ወራት ከአውራጃ ደብዳቤ መጣ። ከአርባ ነዋሪ በታች የተገኘ መንደር ከታችኛው መንደር ጋር ይዋሃዳል፤ መጋዘኑም ወደዚያው ይወርዳል ይላል። አሮጊቷ በግ ደነገጠች። እግሯ ቁልቁለቱን አይችልም፤ ድርቆሹ ከወረደ አለቀላት።

«ስድስት ጎደለን» አለች ጸሐፊዋ ዝይ።

«ሽመላዎቹ ቢኖሩ እንሞላ ነበር» አለች በግ።

«እንሠራቸዋለና!» አለ ከንቲባው።

ከገለባ ስድስት ሽመላ ሠርተው ጎጆዎቹ ላይ አቆሙ። ከአውራጃ የተላከው ቆጣሪ ቁራ መጥቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ስማችሁ ማን ነው?» ዝም አሉ። «ለምን አይመልሱም?»

«የጥንት ቤተሰቦች ናቸው፤ ከእንግዳ ጋር አይነጋገሩም» አለች ዝይ።

«ታች መንደርም እንዲሁ ነው» አለ ቁራው። አርባ ብሎ ጽፎ ሄደ። በግ በደስታ አለቀሰች።

ሙቀቱ ሲመለስ ሽመላዎቹ መጡ። ጎጆአቸው ተይዟል።

«አያ አህያ፣ እነዚህን አንሱልን እንጂ» አሉ።

«አይቻልም፤ ተመዝግበዋል። ደግሞ ከእናንተ ይሻላሉ። በረዶውን ሙሉ አብረውን ነበሩ፤ በጉባኤም አንድ ቀን ተቃውመውኝ አያውቁም።»

ሽመላዎቹ ወደ ታችኛው መንደር ወረዱ።

ለካስ የመስኩን ፌንጣ ሲለቅሙ የኖሩት እነሱ ናቸው። ያን ዓመት ፌንጣው እንደ ጉድ ተራባ፤ ሣሩ ሳይታጨድ ግማሹ አለቀ። መጋዘኑ ባዶውን አፉን ከፍቶ ቀረ። ከንቲባው እየሮጠ ወደ በግ መጣ።

«እመት በጊት፣ ምን ይሻላል? የቀረውን ሣር ማን ያተርፍልናል?»

በግ በአገጯ ወደ ጣሪያው አመለከተች።

«ነዋሪዎችህን ለምናቸዋ።»