ሞተር ማሞቅ

አቶ ዘርጋውና ሚስቱ አስካለ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ሲወጡ ዘመድ ሁሉ፣ “ታደላችሁ፣ ባህር ዛፉ ራሱ መድኃኒት ነው” አላቸው። የዘርጋው ሥራ ግን አብሮት አልወጣም፤ መሀል ከተማ ቀረ። ሁለት ዓመት በታክሲ ሰልፍ ተንገላታ። እራት ቀዝቅዞ፣ አስካለም ብቻዋን በልታ ነበር የሚደርሰው። በመጨረሻ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛ። ለማን ብሎ? ለሚስቱ ብሎ።

ሻጩ አጥብቆ የነገረው አንድ ነገር ነው፦ “ጠዋት ሳታሞቃት እንዳትነሳ፣ ጌታዬ።”

ዘርጋው ምክር ይሰማል። ጎህ ሲቀድ ይወጣና ግራውንድ ላይ ባለው መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ሩብ ሰዓት ያሞቃል። ጎረቤቱም ያሞቃል። የማዶው ብሎክም ያሞቃል። መቼም በዚያ ሳይት ባለማሞቅ የሚታማ የለም። ከዚያ እያንዳንዱ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ዋናው መንገድ ላይ ይወጣና በመኪና ሰልፍ ይቆማል። ከኋላው የሚተወውን የሚያይ የለም፤ ሾፌር የሚያየው ፊት ፊቱን ነው።

አንድ ጠዋት ከላይ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ የሻረግ ደረጃው ሥር አገኙት።

“አቶ ዘርጋው፣ መቼም ሲወጡ ለሚስትዎ የሚተዉላት አያጡም።”

ምስጋና መሰለው። “ለእሷ የማልሆነው የለም፣ እትዬ።”

“ከእሷ የተረፈውማ እኛም ጋ ይደርሳል” አሉና በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ወጡ።

ክረምት ሲገባ አስካለ ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው ተባለ። ብርድ ስለሆነም ዘርጋው ማሞቁን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳደገው። ያቺ ሳቂታ ሴት ጥቅምት ላይ ሱቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የምትቆም ሆነች። አንጀት ይበላል።

በመኪናው ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ጀርባዋን ሲያዳምጥ ቆየ።

“ቤታችሁ የሚያጨስ ሰው አለ?”

“ኧረ በፍጹም! እኔ ሲጋራ ጠረኑንም አልወድ።”

“እንግዲያው ከተማው አልተስማማትም። ከኔ መድኃኒት ይልቅ የሚያድናት አየር መለወጥ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ዘመድ የላችሁም?”

አስካለ ልትመልስ ሞክራ ሳሉ ያዛት። ዘርጋው ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀ። የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ ነበር፤ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

“የምንኖረውስ እዚያው ነው፣ ዶክተር” አለ። “አየሩንም እኛው ለወጥነው።”